የመንጋጋ ጥርስ ድድ ለምን ለብቻው ይታመማል? ስለ ሥሮቹ መገንጠያ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው። ጥርሴን በቀን ሁለት ጊዜ እቦርሻለሁ። የፊት ጥርሶቼ ድድ ጤነኛ ነው ተብያለሁ። የታችኛው ግራና የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋዎቼ ግን ሁለት ጊዜ በማደንዘዣ በደንብ ታጥበውም አሁንም ይደማሉ፤ ኪሳቸው 6 ሚሊሜትር ነው። ሐኪሜ ‹ሥሮቹ መሀል ያለው አጥንት ጠፍቷል› አሉኝ። ለምን እነዚህ ብቻ? ችግሩ አቦራረሴ ነው? ይነቀሉ ወይስ ይቆዩ?»

ምላሽ፦

አቦራረስ ድርሻ የለውም አልልም፤ ፕላክ (ጥርስ ላይ የሚለጠፈው የባክቴሪያ ንብርብር) የማይከማችበት ድድ እንዲህ አይታመምም። ነገር ግን አፍዎ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ሁሉ የሚቦረሹት በአንድ እጅና በአንድ ብሩሽ ነው። ጥፋቱ የእጅዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹም አብረው ይደሙ ነበር። ሁለቱን ጥርሶች ከሌሎቹ የለያቸው የሥራቸው ቅርጽ ነው፤ ሐኪምዎም «ሥሮቹ መሀል» ሲሉ ጠቅሰውልዎታል፣ ሳያብራሩት አለፉ እንጂ።

የፊት ጥርስ ሥሩ አንድ ነው። ከአንገቱ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ እየሾለ ይሄዳል። ድዱ ተላቅቆ ኪስ ቢፈጠር እንኳ ኪሱ ውስጥ ያለው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ተዳፋት ስለሆነ፣ የማጽጃው ስለት ከላይ ገብቶ ሥሩን እየታከከ እስከ ታች ይወርዳል፤ ያገኘውን ታርታር፣ ማለትም የደነደነ ፕላክ፣ ፍቆ ይወጣል። መንጋጋ ግን እንዲህ አይገራም። የታችኛው መንጋጋ ሁለት ሥር አለው፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። የላይኛው ሦስት አለው፤ ሁለቱ በጉንጭ በኩል፣ ሦስተኛው በላንቃ በኩል። ሥሮቹ ከጥርሱ አንገት ጀምረው አይለያዩም፤ መጀመሪያ እንደ አንድ ግንድ አብረው ይሄዱና ከዚያ ይከፈላሉ። የሚከፈሉበትን ቦታ ባለሙያዎች ፈርኬሽን ይሉታል፤ እዚህ መገንጠያ እያልኩ እቀጥላለሁ። የተነቀለ የታችኛ መንጋጋ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ላየው ሰው ቁርጥ ባላ ነው። ጤነኛ አፍ ውስጥ ይህ ባላ መሀሉ በአጥንት ተሞልቶ ስለተቀበረ ማንም አያየውም፣ ማንም ማጽዳት አይጠበቅበትም። ችግሩ የሚጀምረው አጥንቱ ሸሽቶ አፉ ሲከፈት ነው።

አፉ መቼ ይከፈታል የሚለውን የሚወስነው የግንዱ ርዝመት ነው። ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን) አልቆ ሥሩ ከሚጀምርበት መስመር፣ ማለትም ከጥርሱ አንገት፣ እስከ መገንጠያው አፍ ያለው ርቀት በታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ በጉንጭ በኩል በአማካይ 3 ሚሊሜትር፣ በምላስ በኩል 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ወደ ፊት ባለው ጎን 3.5፣ በጉንጭ በኩል 4፣ ወደ ኋላ ባለው ጎን 5 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ሒሳቡን በእርስዎ ጥርስ ላይ እንሥራው። ጤነኛ አጥንት የሚጀምረው ከአንገቱ መስመር ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ወረድ ብሎ ነው። ግንዱ 3 ሚሊሜትር ከሆነ፣ አጥንቱ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ብቻ ሲቀንስ መገንጠያው ተገለጠ ማለት ነው። ይህችው 2 ሚሊሜትር ሥሩ 13 ሚሊሜትር ከሚረዝም የላይኛ የፊት ጥርስ ላይ ብትጠፋ ብዙም ልብ የሚላት የለም። ኪስ ደግሞ የሚለካው ከድድ ጠርዝ ነው። ድድዎ ካልሸሸ ጠርዙ ከአንገቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ኢናሜሉ ላይ ያርፋል። ከ6 ላይ 1 ሲቀነስ የኪሱ ወለል ከአንገቱ 5 ሚሊሜትር ርቋል፤ መገንጠያው ግን 3 ላይ ነበር። ኪሱ የመገንጠያውን በር 2 ሚሊሜትር አልፎታል። ድዱ ሸሽቶ ከሆነ የሸሸው መጠን በኪሱ ላይ ይደመራል፦ 2 ሚሊሜትር ሸሽቶ 6 ሚሊሜትር ኪስ ካለ፣ ከአንገቱ 8 ሚሊሜትር ጠፍቷል። አንድ ነገር ግን ያጣሩ፤ ይህ ስሌት የሚሠራው 6 የተባለው ቁጥር በጥርሱ ወገብ ላይ፣ ማለትም በሁለቱ ሥሮች መሀል ትክክል ከተለካ ነው። ቁጥሩ ከጎረቤት ጥርስ ጋር በሚነካካበት ማዕዘን ላይ የተገኘ ከሆነ በታችኛው መንጋጋ ስለ መገንጠያው ብዙ አይነግርዎትም።

ለምን የመጀመሪያው መንጋጋ ከሁለተኛው ቀድሞ ይታመማል ለሚለው ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ የሚበቅለው በ6 ዓመት አካባቢ ነው፤ ከቋሚ ጥርሶች ቀድመው አፍ ውስጥ ከሚገቡት ስለሆነ ለፕላክ የተጋለጠበት ዘመን ረጅም ነው። ሁለተኛ፣ ግንዱ አጭር ነው። የሁለተኛው መንጋጋ ግንድ በአብዛኛው ይረዝማል፣ ሥሮቹም ይቀራረባሉ፤ አንዳንዴ ጭራሽ ተጣብቀው ይበቅላሉ። ይህ ሲሰሙት የሚሻል ይመስላል፤ በከፊል ነው። ረጅም ግንድ ያለው ጥርስ መገንጠያው ዘግይቶ ነው የሚከፈተው፤ በተከፈተ ጊዜ ግን ከሥሩ ታች አጥንት ውስጥ የቀረው ትንሽ ነው። ግንዱ አጭር የሆነው ቀድሞ ይታመማል፣ ከበሽታው በኋላ ግን የሚቆምበት ረጅም እግር ይተርፈዋል። ስለዚህ «መገንጠያው ተገልጧል» የሚለው አንድ ቃል በሁለት ጥርሶች ላይ ፍጹም የተለያየ ዕጣ ሊኖረው ይችላል። ለማከም የትኛው ይመረጣል ካሉኝ፣ ግንዱ አጭር፣ ሥሮቹ ረጃጅምና የተራራቁ የሆኑት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ያልዳነበትን ምክንያት እዚህ ያገኙታል።

የመገንጠያው አፍ ስፋት እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ጥናት በተነቀሉ የመጀመሪያ መንጋጋዎች ላይ ተለክቷል። ከአፎቹ 81 በመቶው 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የጠበቡ ነበሩ፤ 58 በመቶው 0.75 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች። ሥር ለመፋቅ የሚሠራበት ኩሬት አዲስ ሳለ ስለቱ ከ0.75 እስከ 1.10 ሚሊሜትር ይሰፋል። 0.7 የሚባለውን የመካኒካል እርሳስ ቀጭን ቀለም ያስቡ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መገንጠያዎች አፋቸው ከዚያች ቀለም ብዙ አይሰፋም። ባክቴሪያ ግን ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ አካባቢ ናት። ለእሷ ይህ የመኪና በር ነው፤ ለኩሬቱ የተዘጋ ግድግዳ። በጣም ጎበዝ እጅም ቢሆን በተለመደው ኩሬት ሊሠራ የሚችለው የበሩን መቃን ማጽዳት ነው። ብሩሽዎማ እዚያ አካባቢም አይደርስም፤ ጸጉሩ ከድድ ጠርዝ በታች ከ1 ሚሊሜትር ብዙ አያልፍም።

ስለቱ ቢገባስ? ውስጡ ደልዳላ አይደለም። ሥሮቹ እርስ በርስ የሚተያዩበት ገጽ ስርጉድ ነው። በዚያው ዘመን በተደረገው ልኬት የታችኛው መንጋጋ የፊተኛው ሥር በሁሉም ናሙና ላይ፣ የኋለኛው ሥር በ99 በመቶው ላይ ስርጉድ ነበረው፤ ጥልቀቱ በፊተኛው 0.7፣ በኋለኛው 0.5 ሚሊሜትር ያህል። ከላይኛው መንጋጋ ሥሮች ደግሞ በጉንጭ በኩል ያለው የፊተኛው ሥር 94 በመቶ፣ የኋለኛው 31 በመቶ፣ የላንቃው 17 በመቶ። 0.7 ሚሊሜትር ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ቀጥ ያለ ስለት ስርጉድ ላይ ሲሄድ ሁለቱን ጠርዞች ብቻ ነው የሚነካው፤ ሸለቆውን እንደ ድልድይ ይሻገረዋል። ታርታሩ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ሐኪሙ እጁ ላይ የሚሰማው ግን ለስላሳ ገጽ ነው። «ጸድቷል» ብሎ የሚያስተው ይህ ነው። የጥርስ ክርም በዚሁ ምክንያት ይሸነፋል፤ ተወጥሮ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ይዘላል።

ጣሪያውም የራሱ ተንኮል አለው። ከታችኛ የመጀመሪያ መንጋጋዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በመገንጠያው ጣሪያ ላይ ከፊተኛው ሥር ወደ ኋለኛው የሚያልፍ የሲሜንተም (ሥሩን የሚሸፍነው ስስ ልባስ) ሸንተረር አላቸው። ሸንተረሩ በግራና በቀኙ ትንንሽ ጎድጓዳዎች ይፈጥራል፤ ኩሬት ሸንተረሩን ይፍቃል፣ ጎድጓዳዎቹን አያገኝም።

ከዚያ ኢናሜል ራሱ የሚሠራው ጉዳት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ጥርስን ከአጥንትና ከድድ ጋር የሚያስሩት ክሮች የሚሰፉት ሲሜንተም ላይ ነው፣ ኢናሜል ላይ አይያዙም። በአንዳንድ መንጋጋዎች ላይ ኢናሜሉ አንገቱ ላይ ቀጥ ብሎ ከማለቅ ይልቅ ምላስ አውጥቶ ወደ መገንጠያው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው አመዳደብ ሦስት ደረጃ ይሰጠዋል፦ ትንሽ ብቻ የወረደ፣ መገንጠያው አፍ አጠገብ የደረሰ፣ እና አፉን አልፎ የገባ። ያው ሥራ ከታችኛ መንጋጋዎች 28.6 በመቶ፣ ከላይኛ 17 በመቶ ላይ እንዳገኘው ዘግቧል፤ በብዛት በጉንጭ በኩል። የኢናሜል ምላስ ባለበት ቦታ ድዱ በስስ ሽፋን ተለጥፎ ነው እንጂ በክር ታስሮ አይደለም፤ ፕላክ ሲመጣ ያ ሽፋን በቀላሉ ይላቀቅና መንገዱ ክፍት ሆኖ እስከ መገንጠያው ይዘልቃል። ሌላው አጥንት ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ መንጋጋ በጉንጭ በኩል፣ ወገቡ ላይ ብቻ ከጎደጎደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ የእርስዎ የታችኛው ጥርስ ታሪክ ለዚህ ይቀርባል። የኢናሜል ዕንቁ የሚሉትም ዘመዱ ነው፤ ሥሩ ላይ ጉብ ያለች የኢናሜል ጠብታ፣ በብዛት በላይኛው ሁለተኛና ሦስተኛ መንጋጋ ላይ የምትገኝ። ስሟ ያምራል፣ ሥራዋ ግን ፕላክ ማስጠለል ነው። ራጅ ላይ ክብ ነጭ ነጥብ ሆና ስለምትታይ ከታርታር ጋር ትምታታለች፤ ታርታር መስሏቸው ሊፍቋት የሚታገሉ አሉ፣ አትነቃነቅም። የኢናሜል ምላስ ድዱ ተከፍቶ በቀጭን የአልማዝ መፍጫ ይስተካከላል። ዕንቁዋ ግን ውስጧ አንዳንዴ ዴንቲን (ከኢናሜል ሥር ያለው የጥርስ አካል) ወይም የነርቭ ቅርንጫፍ ስለሚኖር ሳያጣሩ አይፈጯትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መገንጠያው ላይ ያለ ጉዳት ሁሉ ከድድ አይመጣም። ሩብ ከሚሆኑት መንጋጋዎች በላይ ከጥርሱ ነርቭ ክፍል ወደ መገንጠያው የሚከፈቱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሏቸው። ነርቩ ሞቶ ከበሰበሰ መርዙ በእነዚህ በኩል ይወጣና በሥሮቹ መሀል ያለውን አጥንት ይበላል፤ በራጅ ሲታይ ከድድ በሽታ አይለይም። መለያው በቅዝቃዜ መፈተሽ ነው። ጥርሱ ቅዝቃዜ ከተሰማው ነርቩ በሕይወት አለ፤ ጉዳዩ የድድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልተሰማው፣ በተለይ ኪሱ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ጠባብና ጥልቅ ሆኖ ግራ ቀኙ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ከሆነ፣ መጀመሪያ ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ ክፍል አጽድቶ መሙላት) ይሠራና 2 ወይም 3 ወር ተጠብቆ እንደገና ይለካል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ሥሩ ቀድሞ ከተፋቀ፣ ሊያገግሙ ይችሉ የነበሩ የሥሩ ክሮች አብረው ይወገዳሉ። ቀድሞ ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ላይ እንዲህ ያለ ጠባብ ጉድጓድ ከተገኘ ደግሞ የሥር ስንጥቅ መኖሩ መታየት አለበት፤ እሱ ካለ የድድ ሕክምና ምንም አይፈይድም። ሁለቱ ጥርሶችዎ በቅዝቃዜ ተፈትነው እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ካልተፈተኑ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ያስፈትኗቸው።

የላይኛው ጥርስዎ ከታችኛው ይከብዳል። የታችኛው ሁለት በር ብቻ አለው፤ አንዱ በጉንጭ፣ አንዱ በምላስ በኩል ፊት ለፊት የሚገኙ። የላይኛው ሦስት በር አለው። የጉንጩ ቀላል ነው። ወደ ፊት የሚያየው ግን መሀል ላይ አይደለም፣ ወደ ላንቃ ያደላል፤ ስለዚህ ከጉንጭ በኩል ለፈለገው አይገኝም፣ መሣሪያው በላንቃ በኩል ነው መግባት ያለበት። ወደ ኋላ የሚያየው ደግሞ ከሁለተኛው መንጋጋ ጋር በተፋጠጠበት ጎን መሀል ላይ ነው፤ ለማየትም ለመንካትም አስቸጋሪው እሱ ነው። በላይኛው መንጋጋ ሳይገኝ የሚቀር መገንጠያ ቢኖር ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ራጅም አይረዳም፤ የላንቃው ሥር ጥላ መገንጠያውን ይሸፍነዋል። አንዳንዴ በጥርሱ ጎን፣ በሥሮቹ መለያያ ላይ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ጥላ ይታያል፤ ካለ ጥርጣሬ ያጠናክራል፣ ከሌለ ግን ነጻ አያወጣም። በታችኛው መንጋጋ ግን ሥሮቹ መሀል ያለው ጥቁረት በራጅ በግልጽ ይነበባል። ብቻ ራጅ ጥፋቱን አሳንሶ የማሳየት ጠባይ አለው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከራጅ ሳይሆን ከእጅ ይውሰዱ። ኪስ የሚለካበት ቀጥ ያለ ፕሮብ መገንጠያ ውስጥ መታጠፍ አይችልም። ለዚህ የተሠራው እንደ ማጭድ የጎበጠው የናበርስ ፕሮብ ነው፤ በ3፣ 6፣ 9 እና 12 ሚሊሜትር ላይ ምልክት ያለው። ወደ ጎን ገብቶ የዘለቀው መጠን ደረጃውን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣውና አሁንም በሚሠራበት አመዳደብ፣ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከገባ ደረጃ 1፣ ከ3 አልፎ ግን ወደ ሌላኛው ወገን ካልወጣ ደረጃ 2፣ አልፎ ከወጣ ደረጃ 3 ነው። ከጣሪያው ወደ ታች ያለው ጥፋትም ለብቻው ይለካል፦ እስከ 3 ሚሊሜትር ሀ፣ ከ4 እስከ 6 ለ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ሐ ብለን ልንጠራው እንችላለን። ሁለት ጥርስ እኩል «ደረጃ 2» ተብለው አንዱ ሀ ሌላው ሐ ከሆኑ ዕድሜያቸው አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ዓለም አቀፍ የድድ በሽታ አመዳደብም ደረጃ 2 ወይም 3 መገንጠያ መኖሩ ሕመሙን ከአራቱ እርከኖች ቢያንስ ወደ ሦስተኛው ከሚያወጡት መመዘኛዎች አንዱ ነው። «6 ሚሊሜትር» ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ በር የጎን ቁጥሩን ይጠይቁ። ለታችኛው ሁለት ቁጥር፣ ለላይኛው ሦስት።

ሕክምናው ከዚህ ይቀጥላል። በተለመደው ኩሬት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ሦስተኛ ጊዜ በዚያው መሣሪያ መድገም ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ። መቀየር ያለበት መሣሪያው ነው፦ ጫፉ 0.5 ወይም 0.6 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ለግራና ለቀኝ የጎበጠ ቀጭን የአልትራሳውንድ ስኬለር (በንዝረት ታርታር የሚያነሳ መሣሪያ)፤ ስርጉዶቹን ለመከተል ደግሞ ስለቱ በግማሽ ያጠረ ሚኒ ኩሬት። አሠራሩም መቀየር አለበት፤ የፊተኛው ሥር ግድግዳ፣ የኋለኛው ሥር ግድግዳ፣ ጣሪያው፣ እያንዳንዱ እንደ ራሱን የቻለ ገጽ ለብቻ ይሠራል። ከዚያ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይጠበቃል። ከዚህ ቀደም ብሎ መለካት ገና እየተያያዘ ያለውን ቁስል መውጋት ነው፣ ቁጥሩም አይታመንም።

ከጥበቃው በኋላ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ኪስ ከነመድማቱ ካለ፣ ድዱን በቀዶ ጥገና ከፍቶ እያዩ ማጽዳት ተገቢ ነው። ምን እንደሚጨመርበት ደረጃው ይወስናል። ደረጃ 1 ላይ የበሩን መቃን ትንሽ ፍቆ ማስፋትና ማለስለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ደረጃ 2 በታችኛው መንጋጋ፣ እንዲሁም በላይኛው መንጋጋ በጉንጭ በኩል ከሆነ የጠፋውን የማስመለስ ሕክምና ይሞከራል፤ በአጥንት ምትክ ቁስና በሽፋን፣ ወይም ከኢናሜል በሚገኝ ፕሮቲን ጄል። እዚህ ላይ የሚጠበቀውን ማወቅ ደግ ነው፦ መገንጠያው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ብርቅ ነው፤ ደረጃ 2 ወደ ደረጃ 1 ከወረደ ጥሩ ውጤት ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ሊጸዳ የሚችል ይሆናል። የሚሳካውም ግራና ቀኝ ያለው አጥንት ከመገንጠያው ጣሪያ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ድዱ ወፈር ሲልና ሰውየው ሳያጨስ ነው። በላይኛው መንጋጋ በፊትና በኋላ ጎን ባሉት በሮች ላይ ይኸው ሕክምና ውጤቱ ያን ያህል አያስተማምንም። ደረጃ 3 ላይ ለማስመለስ መሞከርን አልመክርም፤ ለሱ ሌሎች መንገዶች አሉ። አንደኛው ዋሻ ነው፤ በታችኛው መንጋጋ ሥሮቹ ከተራራቁና ግንዱ ካጠረ፣ መሀሉ ሆን ተብሎ ይከፈትና ብሩሽ ከጉንጭ ወደ ምላስ እንዲያልፍ ይደረጋል። የሚያበላሸው ድዱ ሳይሆን የሥር መቦርቦር ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይድ በየቀኑ ግድ ይላል። ሁለተኛው አንዱን ሥር ቆርጦ ማውጣት ነው፤ በላይኛው መንጋጋ ብዙ ጊዜ የሚሠዋው ትንሹ፣ በጉንጭ በኩል ያለው የኋለኛው ሥር ነው። ለዚህ ሩት ካናል ቅድመ ሁኔታ ነው፣ ሥሮቹም መጣበቅ የለባቸውም። እንዲህ የታከመ ጥርስ ከጊዜ በኋላ ከወደቀ ሰበቡ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ሥር መሰንጠቅ ነው።

ይነቀሉ ወይ ላሉት፦ እስካሁን በነገሩኝ ነገር አይነቀሉም። የአውሮፓ የፔሪዮዶንቶሎጂ (የድድ ሕክምና) ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የሕክምና መመሪያም የመገንጠያ መገለጥ ብቻውን ለመንቀል ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ አስቀምጧል። መገንጠያው የተገለጠ መንጋጋ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚዘልቅ ክትትል ውስጥ የመጥፋት አደጋው ካልተገለጠው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይህ እውነት ነው። ያም ሆኖ ክትትል ካላቸው ብዙዎቹ ይቆያሉ። መንቀል የሚታሰበው ጥርሱ ወደ ታች ሲጫኑት የሚሰጥም ከሆነ፣ ከሥሩ ጫፍ አካባቢ ብቻ አጥንት ከቀረ፣ ሥሩ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ጉዳቱ የጎረቤቱን ጥርስ አጥንት እየበላ ከሆነ ነው። ነቅሎ ኢምፕላንት ማድረግ ለዚህ ችግር ማምለጫ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በኢምፕላንት ዙሪያም የድድ በሽታ አለ፤ አንዴ ከያዘ ለማከም ከጥርሱ ይከብዳል። በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ሥሮቹ ከሳይነስ (በአፍንጫ ጎን ካለው የአየር ክፍተት) ወለል አጠገብ ስለሆኑ አጥንቱ ለኢምፕላንት ላይበቃ ይችላል።

በቤት የሚሠራውን ባጭሩ። በጥርሶች መሀል ክር ሳይሆን ባለ ሽቦ የመሀል ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ጸጉሩ ስርጉዱ ውስጥ ይገባል። መጠኑን ሐኪም ይምረጥልዎ፤ ሲገባ ትንሽ ጠበቅ ማለት አለበት፣ ሽቦው ግን ጥርሱን መፋቅ የለበትም። በላይኛው መንጋጋ ላይ ከጉንጭ ብቻ ሳይሆን ከላንቃ በኩልም ያስገቡት፤ የፊተኛው በር እዚያ እንደሚያደላ ያስታውሱ። ለታችኛው መንጋጋ ወገብ አንድ እፍኝ ጸጉር ብቻ ያለው ሹል ብሩሽ ይስማማዋል፤ ጫፉን ወገቡ ላይ ካለችው ጎድጎድ ላይ አኑረው ሳይጫኑ ያሽከርክሩት። መጀመሪያ ሰሞን ይደማል፤ ደም አየሁ ብለው አይተዉት። የአፍ መጉመጥመጫ 6 ሚሊሜትር ኪስ ውስጥ አይወርድም፤ ገንዘብዎን ለመሀል ብሩሹ ያውሉት። የሚያጨሱ ከሆነ መድማት መቀነሱን እንደ መሻል አይቁጠሩት፤ ሲጋራ ድዱ ሳይድን መድማቱን ይደብቃል። ስኳር ካለብዎት ደግሞ ልኩ ሳይስተካከል ስለ ማስመለስ ሕክምና መነጋገር ቀድሞ ነው። የክትትል ቀጠሮው በየ3 ወሩ ይሁን፤ በየዓመቱ የሚደረግ እጥበት ለመገንጠያ አይበቃም።

አንድ ምልክት ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይውሰድዎት። እጥበት ከተደረገ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ በጥርሱ ወገብ ላይ ድዱ አብጦ ከጠነከረ፣ ሲነክሱበት ጥርሱ የረዘመ ከመሰለዎት፣ የላይኛው ድድ ድኖ በሩን ዘግቶታል፣ ውስጥ የቀረው ታርታር ደግሞ መግል ቋጥሯል። አንቲባዮቲክ ብቻ እብጠቱን ለጊዜው ያስተኛዋል። መግሉ መውጣት፣ መገንጠያውም በቀጭኑ መሣሪያ እንደገና መጽዳት አለበት፤ ይህም በዚያው ሳምንት ውስጥ።